ጃኬት ጠባቂዎቹ

ቋንቋችን «ጥሩ ልጅ» የሚላትን ሴት የሚያመሰግንባቸውን ቃላት እስቲ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ቁጠሯቸው። ጭምት፣ ቁጥብ፣ ሰከን ያለች፣ እርግት ያለች፣ አንገቷን የደፋች፣ ድምጿ የማይሰማ፣ ከቤት የማትወጣ። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን፣ ስለ ገጸ ባሕርይ አሣሣል ስንነጋገር ተማሪዎቼን እንዲህ ያለ ዝርዝር አሰናዱ እላቸው ነበር። ሰሌዳው ሲሞላ ሁልጊዜ አንድ ነገር ዓይን ይወጋል። ቃላቱ በሙሉ የመቀመጥ ቃላት ናቸው። አንዳቸውም አይራመዱም።

የወንዱ ዝርዝር ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ሩጫ ይሆናል፤ ፈጣን፣ ቀልጣፋ፣ ንቁ፣ ደፋር፣ እሳት የላሰ። «ቀልጣፋ ለሴትም ይባላል እኮ!» ብሎ የሚሟገተኝ ተማሪ አይጠፋም ነበር። ልክ ነው፣ ይባላል። ግን ልብ በሉ፤ ሴቷ ስትቀለጥፍ የሚመሰገነው እጇ ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሊጥ ስታቦካ «እጇ ቀልጣፋ ነው» ይባልላታል። እግሯ የቀለጠፈ እንደሆነ ግን መዝገበ ቃላቱ ፊቱን ያጠቁራል። ዟሪ፣ ክልፍልፍ፣ ቀዥቃዣ፣ ወንዳወንድ። እጇና እግሯ በአንድ ገላ ላይ እያሉ ዕጣቸው እንዲህ መለያየቱ ይገርመኛል።

ወደዚህ የቃላት ነገር የመለሰችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች ለክፍሏ በዱላ ቅብብል ትሮጥ ነበር፤ በጣም ፈጣን ከሚባሉት አንዷ ነበረች። ዛሬ ባንክ ትሠራለች፣ ማለትም ከጧት እስከ ማታ ትቀመጣለች። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። በቀደም ዕለት አብረን ደረጃውን ስንወጣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ የደረጃውን ብረት ያዘችና «ቆይ አክስቴ፣ አንዴ ልተንፍስ» አለችኝ። እኔ ሃምሳውን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ልጠብቃት ቆምኩ።

«ለመጨረሻ ጊዜ የሮጥሽው መቼ ነው?» አልኳት።

አሰበችና፣ «የታክሲ ሩጫ ይቆጠራል?» አለች።

«አይቆጠርም።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለተኛ ክፍል።»

አምስት ዓመት ማለት ነው። ይህቺ ልጅ አልታመመችም፣ አልወለደችም፣ እግሯም አልተሰበረም። ትምህርት ጨረሰች፤ በቃ። ከትምህርት ቤቱ በር ስትወጣ መጽሐፉን ለታናሿ እንዳወረሰችው ሁሉ ሩጫውንም እዚያው ትታው ወጣች። ስለ እሷ አዝኜ ሳበቃ የማውቃቸውን ወጣት ሴቶች በሐሳቤ እየጠራሁ ጠየቅኩ፤ የጎረቤት ልጅ፣ የጓደኛዬ ልጅ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ። መልሱ ተመሳሳይ ነው። አንዳንዷማ ጥያቄው ራሱ ያስቃታል።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች የ146 አገሮችን መረጃ ይዘው ባወጡት ጥናት፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ተማሪዎች መካከል በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ሴቶች 85 ከመቶ፣ ወንዶች 78 ከመቶ ሆነው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደግሞ ስለ አዋቂዎች ነው፤ እዚያም ሴቶቹ 34፣ ወንዶቹ 29 ከመቶ ናቸው። የአዋቂው ቁጥር ለምን እንደዚያ ዝቅ አለ የሚል ካለ፣ ለልጆች የተቀመጠው መስፈርት ከባድ ስለሆነ ነው፤ በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት። ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ነገር ነው። 150 ደቂቃ በአምስት ቀን ሲካፈል ሠላሳ ደቂቃ ይሆናል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ከምንቆመው ያነሰ ጊዜ ነው እኮ።

እኔን ግን ከመቶኛው ይልቅ የያዘኝ ልዩነቱ የተጀመረበት ዕድሜ ነው። ልዩነቱ ገና ልጆቹ ዩኒፎርም ለብሰው ሳሉ አለ። ስለዚህ «ትምህርት ስትጨርስ ስፖርት አቆመች» የምንለው አባባል ራሱ መፈተሽ አለበት። ያልጀመሩትን ነገር እንዴት ያቆሙታል?

የማንኛውንም ትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ በአጥር ቀዳዳ ተመልከቱ። መምህሩ ፊሽካ ይነፋል። ሁለት ዙር ይሮጣል፤ እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ጎን ይባላል። ከዚያ መምህሩ አንዲት ኳስ፣ ያለችውን አንዲት ኳስ፣ ወደ ሜዳው ይወረውራል። ኳሷ የወንዶቹ ናት፤ ይህን ማንም አላወጀም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ሴቶቹ ወደ ዛፉ ጥላ ይሄዳሉ። ጭናቸው ላይ የወንዶቹ ጃኬት ተከምሯል። ሰዓት አለ፣ ስልክ አለ፣ ቁልፍ አለ። አንዷ የሌላዋን ፀጉር ትሠራለች። ጎል ሲገባ ያጨበጭባሉ። አርባ ደቂቃው ሲያልቅ ጃኬቱን ለየባለቤቱ ያስረክባሉ። በሰርተፊኬታቸው ላይ ግን የሰውነት ማጎልመሻ ውጤት ሰማንያ፣ ሰማንያ አምስት ተብሎ ተሞልቷል፤ ምክንያቱም የጽሑፍ ፈተናውን ደህና ሠርተዋል። የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመት? 18 ሜትር። ወርድ? 9 ሜትር። የሴቶች መረብ ከፍታ? 2 ሜትር ከ24። አንድም ቀን ያልቆሙበትን ሜዳ በሴንቲሜትር ያውቁታል።

መምህራኑን ልወቅስ አይደለም፤ ስድሳ ልጅና አንድ ኳስ ይዞ ተአምር መሥራት አይቻልም። ሴቶቹን ለብቻ ጊዜ ሰጥተው፣ ኳስ ከኪሳቸው ገዝተው የሚያሠለጥኑም አሉ፤ የእህቴ ልጅ የሮጠችው እንዲህ ያለ አንድ መምህር ስለገጠማት ነው። ግን ይህ የዕድል ነገር ሆኖ ቀረ። ወንዱ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ይዞት የሚወጣው ነገር አለ፤ ቡድን፣ ልማድ፣ «እሑድ ጧት እንገናኝ» የሚባባል ጓደኛ። ሴቷ ይዛ የምትወጣው 18 በ9ን ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ቀን አለ፤ ስለዚያ ቀን ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም። እኛ በልጅነታችን ሱዚ ስንዘል፣ ፔፕሲ ስንጫወት መንደሩን አንድ አድርገነው ነበር። ከወገብ በላይ የተወጠረ ላስቲክ የምትዘል ልጅ ስፖርተኛ ካልተባለች ማን ይባላል? ከዕለታት አንድ ቀን ግን ደረቷ ጉች ጉች ይልና አያት ከበረንዳ ላይ ሆነው ይጣራሉ። «አንቺ! አሁንስ አትበቂም? ትልቅ ሴት ሆነሽ!» አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ላስቲኩ ያን ቀን ይጠቀለላል። የወር አበባ፣ አጭሩ የዩኒፎርም ቀሚስ፣ ውኃ የሌለው የትምህርት ቤት ሽንት ቤት የቀረውን ሥራ ይሠሩታል። በዚያ ዕድሜዋ ያለው ወንድሟን «ትልቅ ሰው ሆነሃል፣ ኳስ ተው» ያለው ሰው ግን የለም።

የሴት ልጅ ገላ በሙሉ ኃይሉ ሲንቀሳቀስ ማየት እንደ አገር አንወድም ማለት ግን አልችልም። ነሐሴ አጋማሽ ሲመጣ ዋግና ላስታ ሂዱ፤ ትግራይ ሂዱ። ሻደይ በሉት፣ አሸንድዬ በሉት፣ አሸንዳ በሉት፤ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ቅጠሉን አስረው ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ሲዞሩ፣ ሲዘሉ፣ ላባቸው ሲንጠፈጠፍ የሚነቅፋቸው የለም፤ እንዲያውም ይሸለማሉ። «ዟሪ» የሚለው ቃል ለእነዚያ ቀናት ከቋንቋው ይሰረዛል። ባህሉ ራሱ ያውቀዋል ማለት ነው፤ ልጃገረድ መዞር፣ መዝለል፣ መጮህ እንደሚያስፈልጋት ያውቃል። ፈቃዱን በዓመት ጥቂት ቀን አደረገው እንጂ።

ከሥነ ጽሑፋችንም አንድ ልጨምር፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ፣ ወይም በሬዲዮ ያልሰማ የእኔ ዘመን ሰው የለም። ሰብለ ወንጌልን ሁላችንም እንወዳታለን። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ ሰብለ በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ከአባቷ ግቢ ወጥታ በእግሯ ሩቅ መንገድ የምትሄደው መቼ ነው? መጨረሻ ላይ ነው። ያውም ሴትነቷን ደብቃ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ። ደራሲው ይህን ያደረጉት አውቀው ይመስለኛል፤ የፊታውራሪ ልጅ በራሷ ገላና በራሷ ልብስ ያን መንገድ መሄድ አትችልም ነበር። እኛ ሃያሲዎች ግን ስለ መደብና ስለ ፍቅር ስንጽፍ ኖረን ስለ እግሯ የጻፍነው ጥቂት ነው። ብዙ ዓመት በግቢ የተቀመጠች ልጅ ድንገት የቀናት መንገድ ስትገባ እግሯ ምን ይሆናል? ለእኔ ይህ ትልቅ የልቦለድ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ መቼም «እንዴ! የእነ ደራርቱ አገር ውስጥ ሆነሽ ምን ታወሪያለሽ?» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፣ ይህ ክርክር መልስ ይፈልጋል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ያሸነፈችው ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ ሆና ነው። ፋጡማ ሮባ በ1988 አትላንታ ላይ ማራቶኑን ወሰደችው። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ፤ መሠረት ደፋር አቴንስና ለንደን ላይ። ሴቶቻችን በዓለም ፊት የሮጡትን ያህል የሮጡ ጥቂት ናቸው።

እሺ። እንግዲህ አንዲት ተራ ልጅ፣ ዜግነቷ የእነዚሁ የሆነ፣ ጧት ቱታ ለብሳ በሰፈሯ አስፋልት ሶምሶማ ትጀምር። መቶ ሜትር ሳትሄድ ከታክሲ ረዳት፣ ከግድግዳ ተደጋፊ፣ ከሱቅ በር «ደራርቱ!» የሚል ጩኸት ይከተላታል። «ጥሩዬ! በርቺ፣ ወርቁን!» ይላል ሌላው፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ። ቀጥሎ ስለ ዳሌዋ ይነገራታል። የአገሪቱ ትልቅ ክብር የሆነው ስም የለከፋ መሣሪያ ሲሆን ከዚህ የባሰ ስድብ ለእነዚያ ጀግኖችም የለም ባይ ነኝ። ትንሽ ደግ የሆነው ሰው ደግሞ «ሯጭ ነሽ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃታል። ጥያቄው ቀና ይመስላል፤ ግን ውስጡ ያለውን አያችሁት? ሴት የምትሮጠው ሙያዋ ከሆነ፣ ደመወዝ ካለው፣ ውጭ አገር የሚያስወጣ ከሆነ ነው። አለዚያ ምን ሊያደርግላት? ሩጫ ለወንድ ጤና፣ ለሴት ሥራ ሆነ ማለት ነው።

ጀግኖቻችንን የምንወድበት መንገድ ይኸው ነው። ሜዳሊያውን አይተን እናለቅሳለን፤ ከታሪኩ ውስጥ ለተራዋ ሴት የሚጠቅማትን ክፍል ግን አንነግራትም። ለምሳሌ ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ልጅ ወልዳ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲድኒ ላይ ዳግመኛ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ እንዳጠለቀች፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን እንዳሸነፈች። ስንቷ ሴት ናት «ከወለድኩ በኋላማ አለቀ» እያለች ከሰላሳ ዓመቷ ጀምሮ ገላዋን ጡረታ ያወጣችው?

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም ጎዳናው ሰላም ቢሆን እንኳ ሰዓቱ አለ። ወንድምና እህት ከሥራ በአንድ ታክሲ ቢመጡ እሱ ቦርሳውን ወርውሮ ወደ ሜዳ፣ እሷ ቦርሳዋን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ይሄዳሉ። ይህን ስነግራቸው እናቶች የሚመልሱልኝ አንድ መልስ አለ። «ታዲያ ቤት ውስጥ ስትሠራ ትውል የለ? ከዚህ በላይ ምን ስፖርት አለ?» ይሉኛል። መልሱን አልንቀውም። የቤት ሥራም እንቅስቃሴ ነው፤ የጤና ባለሙያዎቹም ይቆጥሩታል። ግን እስቲ ምጣድ ፊት ጎንበስ ብላ በጭስ ውስጥ ሁለት ሰዓት የቆመች ሴት ስትነሳ ወገቧን እንዴት እንደምትይዝ ተመልከቱ። ሮጣ የመጣችም ይደክማታል፤ አያያዟ ግን እንደዚያ አይደለም።

የገጠሯን ብንወስድ ነገሩ የበለጠ ይታያል። ሃያ ሊትር የምትይዝ ቢጫ ጀሪካን ሞልታ አዝላ ዳገት የምትወጣ ልጅ ሃያ ኪሎ ተሸክማለች። ለእሷ «እንቅስቃሴ አድርጊ» ብሎ መስበክ ነውር ነው። እንጦጦ ላይ ጧት ቆማችሁ ከሆነ ሁለት ዓይነት ሴቶች ሲተላለፉ ታያላችሁ፤ በመኪና መጥተው ዳገቱን በሩጫ የሚወጡና የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ጀርባቸው ላይ ጭነው፣ ግንባራቸው መሬት ሊነካ እስኪደርስ ጎንብሰው የሚወርዱ። ሁለቱም ላባቸው ይወርዳል። የመጀመሪያዋ ሲደክማት ትቆማለች። የሁለተኛዋ ሸክም ሲደክማት አይቆምም፤ ገበያው እስኪዘጋ መድረስ አለበት። እኔ ስለ ስፖርት ስጽፍ የምለው ይህንኑ ነው፤ ሴት ልጅ ገላዋን ለራሷ የምታዝዝበት፣ ሲበቃት «በቃኝ» የምትልበት ጥቂት ሰዓት። ጀሪካኑ ያን አይሰጣትም፤ ምጣዱም እንዲሁ።

ከተማ ውስጥ ገንዘብ ያላት ልጅ ይህን ሰዓት ትገዛዋለች። ጂም የሚባለው አለ። መቼ እንደምትገባ ግን ታውቃላችሁ? ሽማግሌ ከተላከ በኋላ። ቬሎው ተመርጧል፣ ዚፑ አልዘጋ ብሏል፣ ሦስት ወር ቀርቷል። ሦስት ወር ሙሉ ምሳ ሳትበላ ትዘላለች። ሠርጉ አልፎ መልሱና ቅልቅሉ ሲያልቅ የጂሙ ካርድ ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል። ከዚያም ዘመድ እየመጣ «ተመቸሽ አይደል! ደልደል ብለሻል» ይላታል፤ ምርቃት ነው። የሠርግ ፎቶ የሚያደርገውን ያህል ጤና ሴት ልጅን ከወንበር አላስነሳም። ይህንም ልጅቷን ለመውቀስ አልናገርም፤ ገላሽ የሚታይበት ቀን እንጂ የምትኖሪበት ዘመን አለ ብሎ የነገራት የለም።

የልብሱ ነገር ራሱን የቻለ ድርሰት ነው። ታይት ብትለብስ ሰፈሩ ያወራል፤ ሰፊ ቱታ ብታደርግ «ወንድ መሰለች» ይላል። አንዳንዷ ነጠላ ደርባ ወጥታ ሜዳው ስትደርስ ነው የምትገልጠው። ሒጃብ ለምታደርግ ልጅ ደግሞ ወንድ አሠልጣኝና ባለ መስታወት ግድግዳ ያለበት ጂም ከመጀመሪያውም የተዘጋ በር ነው፤ ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ያላቸው ጥቂቶቹ ደግሞ ሰዓቱን የሚያደርጉት ቀን ነው፣ ሠራተኛዋ ልጅ ቢሮ ባለችበት።

ሃያዎቹ ዕድሜ ለምን እንዲህ ያስጨንቁሻል የሚለኝ ሰው አለ፤ ወጣት አይደሉ? ለባንክ ሠራተኛዋ በራሷ ቋንቋ እንዲህ አልኳት፦ አጥንት ቁጠባ ነው። ገቢ የሚደረገው እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እየቆጠቡ ማውጣት ነው፣ የወር አበባ ሲቆም ደግሞ ወጪው ይፋጠናል። አጥንት ላይ ገቢ የሚያደርገው ምግብና ሸክም ነው፤ መዝለል፣ መሮጥ፣ ደረጃ መውጣት፣ ክብደት ማንሳት። በሃያ ሦስት ዓመቷ ሒሳቡን የዘጋች ልጅ በስድሳ አምስት ዓመቷ መታጠቢያ ቤት ተንሸራታ ዳሌዋ ሲሰበር ምክንያቱን ሸክላው ላይ እናደርገዋለን። ስኳርና የደም ግፊቱን ሐኪሞች በየሬዲዮኑ ስለሚናገሩት አልደግመውም።

መንግሥትም ዝም ብሏል አልልም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ለተሽከርካሪ እየተዘጋ ለእግረኛ የሚለቀቅበት እሑድ መጥቷል፤ ባለሥልጣናት አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰው በካሜራ ፊት ይወጠራሉ፣ ይታጠፋሉ። ጥሩ ነው። ግን መስቀል አደባባይ ለመዝለል ሁለት ታክሲ የምትይዝ ልጅ ስንት እሑድ ትመጣለች? የሴቶች ብቻ የሆነውን የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ ግን አላጣጥለውም። በየዓመቱ ያን ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፣ እየዘፈኑ፣ አንዳንዷ ልጇን አዝላ መንገዱን ሲሞሉት አይቻለሁ። ብቻዋን ብትሆን የምትለከፍበት ጎዳና ላይ ያን ቀን የሚለክፋት የለም፤ ብዛታቸው አፉን ያዘጋዋል። «ሴቶቹ ራሳቸው ሰነፎች ናቸው» ለሚለኝ ሰው መልሴ ይህ ቀን ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት የሚባለው ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና መብራት አምጥቷል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ወጣት ሴቶች ሁለት ሦስት ሆነው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ሲሄዱ አያለሁ። አሥር ዓመት በፊት በዚያ ሰዓት እንዲህ ስትሄድ የምትታይ ሴት ስሟ ሌላ ነበር። መብራት ይህን ያህል ሥራ ይሠራል፤ አንድ የመብራት እንጨት ከመቶ የምክር ጽሑፍ ይሻላል፣ የእኔን ጨምሮ። ቅር የሚለኝ፣ ለዚሁ መንገድ ሲባል ከመሐል ከተማ ተነስተው ዳር የሄዱት ቤተሰቦች ሴቶች ልጆች ነገር ነው። አብረዋት የሚሄዱት ጎረቤቶቿ ተበትነዋል፤ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ጨለማና ውሻ አለ። መንገዱ የሠላሳ ደቂቃ እግር ጉዞ ሰጠን፣ እሷን ደግሞ ከመንገዱ ወሰዳት።

በየሰፈሩ አንድ ያልተነካ ነገር አለ፤ «ጤና ቡድን» የሚባለው። ቦርጭ ያወጡ፣ አንዳንዶቹ የልጅ ልጅ ያዩ ወንዶች ቅዳሜና እሑድ ጧት ተሰብስበው ኳስ ይጫወታሉ። መዋጮ አላቸው፣ ማልያ አላቸው፣ ሰብሳቢ አላቸው፤ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ። እቅጩን ለመናገር እቀናባቸዋለሁ። እንዲህ ያለ የሴቶች ቡድን በእኛ ሰፈር አልነበረም። ዕቁብ አለን፣ ማኅበር አለን፣ ዕድር አለን፤ ሁሉም ቁጭ ብለን የምንበላበት ነው።

ባለፈው ጥቅምት የሰፈራችን አምስት ልጆች ተሰብስበው ሄዱና ሰብሳቢውን እሑድ ጧት አንድ ሰዓት ሜዳ እንዲለቁላቸው ጠየቁ። ሰውየው ደግ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ ደስ ይለናል፤ መጥታችሁ ተመልከቱን» አሏቸው። ልጆቹ የመጡት ለማየት እንዳልሆነ ሲገባቸው ሰፋ ያለ ውይይት ተደረገ፤ ለካ ሜዳው ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ አራት ሰዓት ተይዟል። በመጨረሻ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ያለው፣ ወንዶቹ ከአልጋ የማይነሱበት፣ ለሴቶቹ ተሰጠ። ሰዓቱ ብርድ ነው፣ ለመድረስም በጨለማ መውጣት ያስፈልጋል። የአንዷ ታናሽ ወንድም አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሱ አድርሷቸው ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ጃኬታቸውን ይጠብቃል፣ በስልኩም ይጫወታል። አሁን ዘጠኝ ደርሰዋል፤ የእህቴ ልጅ ከኮንዶሚኒየሟ ድረስ እየመጣች ሦስት እሑድ ተገኝታለች፣ አንዱን ተኝታ አሳልፋዋለች። ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ይጨቀያል። አንዷ የትምህርት ቤት አዳራሽ እንጠይቅ ትላለች፣ ሌላዋ ዝናቡን እንሩጥበት ባይ ናት፤ እስካሁን አልተስማሙም።